የቆፈርነው እንዳይፈርስ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ቆላው የደኸየው ዝናብ ስለጠፋ ነው እንላለን። ዝናቡ ማነሱ እውነት ነው፤ የመጣውስ የት ይሄዳል? አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። አንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ከአንዲት ግማሽ ጨረቃ በላይ ባለው 10 ካሬ ሜትር ላይ 200 ሊትር ወረደ ማለት ነው፤ አሥር ጀሪካን! መሬቱ ላዩ ስለጠጠረ ግን ብዙው አፈሩን ይዞ ወደ ወንዝ ይሮጣል። በማግስቱ እኛ ጀሪካን አዝለን ውሃ ፍለጋ እንወጣለን።

ግማሽ ጨረቃ ይህን ሩጫ ትገታለች። ክንዶቿ ወደ ዳገቱ ይዘረጋሉ፤ የተቆፈረው አፈር በቁልቁለቱ በኩል ይከመራል። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች እርከንና ክትር ሠርተው፣ ተራራቸውንም ከልለው የጉድጓዳቸው ውሃ ተመለሰ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኳተርን ሽልማት አገኙ።

የራሳችንን ስህተትም ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት ቸኩለን በዓይን ግምት ቆፈርን። ውሃ ግን በግምት አይታለልም፤ ዝቅ ያለውን ጫፍ ፈልጎ ሰበረው፣ ከታች ያሉትንም አስከትሎ ወሰደ። መሬቱን ልናድን ብለን ቦረቦር ልናበጅለት ነበር። በሁለተኛው ዓመት በገመድና በውሃ ልክ ሁለቱን ጫፎች አስተካከልን፣ ትርፉ ውሃ የሚወጣበትን በድንጋይ አነጠፍን፣ ውስጡን ፍግ አልብሰን ማሽላ ዘራን። ያ ቆመ።

አሁን ሣሩ ሲያድግ «ከብት ይግባ» የሚል ድምፅ በመካከላችን ተነስቷል። አልፈርድም፤ በሬዋ ሲከሳ የምታይ እናት ምን ትበል? ነገር ግን ከብት የረገጠው ክንድ በመጀመሪያው ጎርፍ ይፈርሳል። ስለዚህ ሣሩን አጭደን እኩል እንካፈል፤ ከብት የሌላትም ድርሻዋን ትሽጥ። ክረምት ሳይገባ ደግሞ ከየቤቱ አንድ ሰው ለአንድ ቀን ለጥገና ይውጣ።

የምትደግፉን እንግዶቻችንም፣ «ስንት ቆፈራችሁ?» ብላችሁ አትብቁ። ከሦስት ክረምት በኋላ ተመልሳችሁ «ስንቱ ቆሟል?» በሉን።