የኪራይ ክፍልና የግቢው ቁልፍ
(ለኮምፒዩተር ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር በክበባችን ኮምፒዩተር ላይ የደረሰውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአሥራ አንድ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ በአንዲት ትእዛዝ ጠፋ፤ የተገኘውም ግልባጭ የሦስት ሳምንት ዕድሜ ያለው ነበር። ከዚህም የተነሣ «ቁልፉን ሁለት ሰዎች ብቻ ይያዙት፤ ሌላው ደጅ ይጥና» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኛ ይህን የምንቃወመው ትእዛዙን የሰጠውን ወንድማችንን ለመሸፈን አይደለም፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ መታወቅ ስላለበት ነው።

ወንድማችን ይሠራ የነበረው ኮንቴይነር በሚባለው የተከለለ ክፍል ውስጥ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1979 የወጣው ሰባተኛው ዩኒክስ «ቼንጅ ሩት» የሚባል መንገድ ነበረው፤ ይኸውም አንድ ፕሮግራም ከተሰጠው ዳይሬክተሪ በላይ ሌላ ነገር እንዳያይ ያደርጋል። ዳሩ ግን የሩት ሥልጣን ያለው ፕሮግራም ከዚያ ሊያመልጥ ይችላል። በ2000 ፍሪ ቢ ኤስ ዲ «ጄይል»፣ ማለት ወኅኒ፣ የተባለውን አመጣ፤ በ2013 የወጣው ዶከር ደግሞ በሊኑክስ ላይ ነገሩን ለማንም ተማሪ አቀረበው።

እንግዲህ ኮንቴይነር ራሱን የቻለ ቤት አይደለም፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ የኪራይ ክፍል ነው። ተከራዮቹ አይተያዩም፤ ቧንቧው፣ ማለት ከርነሉ፣ ግን አንድ ነው። የአከራዩን ጎተራ ወደ ክፍሉ ከከፈትንለት ደግሞ ተከራዩ የሚያገኘው ያንኑ እህል እንጂ ግልባጩን አይደለም። እኛ ያደረግነው ይህንኑ ነው። የጋራ ዳይሬክተሪውን ለመጻፍም ጭምር ክፍት አድርገን ከኮንቴይነሩ ጋር አገናኘነው። ወንድማችን የራሱን ክፍል የጠረገ መስሎት የሁላችንን ጎተራ ጠረገ።

የባሰም አለ። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሩት ቁጥሩ 0 ነው፤ የግቢውም ሩት 0 ነው። ካልተለወጠ በቀር ዲስኩ የሚያውቀው ቁጥሩን ነውና ሁለቱን አይለይም። እኛም «ፈቃድ የለም» የሚል መልስ በመጣ ቁጥር ስንፍና ይዞን 777 እየሰጠን አለፍን። (ይህን ቁጥር የማያውቅ አባል ካለ ዕድለኛ ነው።)

ቁልፉን ሁለት ሰዎች ይያዙት ለሚሉት አንድ ጥያቄ አለን። ዶከርን ማዘዝ የሚችል ሰው ዲስኩን በሙሉ ወደ ክፍሉ ማስገባት ስለሚችል በተግባር ሩት ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ የተመዘገብነው ስንት ነን? ትናንት ስንቆጥር ሠላሳ አራት ሆነን ተገኘን፤ ሁለቱ ተመርቀው ከሄዱ ዓመት አልፏቸዋል! ከመዝገቡ ሁላችንም እንውጣና እያንዳንዱ አባል በራሱ ስም፣ ያለ ሩት ሥልጣን የሚሠራ ኮንቴይነር ያስነሣ። የጋራው ዳይሬክተሪ ለንባብ ብቻ ይሁን። በውስጥ 0 የሆነው በውጭ 100000 ወይም ሌላ ተራ ቁጥር ሆኖ ይቆጠር፤ 777ም ይሰረዝ፤ እርሱ ካለ የቁጥሩ መለወጥ ከንቱ ነው።

ይህ ሥራ አለው። የአሮጌዎቹ ፋይሎች ባለቤትነት ካልተስተካከለ ባለቤቶቹ ራሳቸው ሊጽፉባቸው አይችሉም። ሁለት ሌሊት ይፈጃል ብለን እንገምታለን፤ እኛ እንሠራዋለን። እስከ ዓርብ ድረስ ግን የጽሑፋችሁን ግልባጭ በእጃችሁ ያዙ።