በበሩ ላይ የተጻፈው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች በጉዞዬ ካየኋቸው ታላላቅ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለ አንዱ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ ሐሳቤ ወዲያው የሄደው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ቦስተን ከተማ ነው። ከእርሱ የሚሰፉም የሚያምሩም መኖራቸውን አላጣሁትም። ነገር ግን በዚያ ቤት ደጃፍ በእኔ በራሴ የደረሰ አንድ ትንሽ ነገር ስላለ ከዚያ ልጀምር። ስለ ቦስተን ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልኝ።

ልጄ በዚያች ከተማ ስለምትኖር ልጠይቃት ሄጄ ነበር። አንድ ቀን ጧት ወደ ሥራዋ ስትሄድ ኮፕሊ በሚባለው አደባባይ አውርዳኝ፣ «አባባ፣ እስከ ማታ እዚህ ይቆዩ፤ ከዚህ የሚያስወጣዎት የለም» ብላኝ ሄደች። ቀና ብዬ ሳይ ሦስት ከፍተኛ ቅስቶች ያሉት የድንጋይ ሕንፃ ከፊቴ ቆሟል። ከመካከለኛው ቅስት በላይ «ለሁሉም በነጻ» ማለት የሆነ ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ይህን አንብቤ ወደ ውስጥ ስራመድ፣ ቀኝ እጄ እኔ ሳላዘው ደረት ኪሴ ገብቶ መታወቂያ ይፈልግ ኖሯል። በሩ አጠገብ የቆመው ጥበቃ የምፈልገው ነገር ግራ ገብቶት ትንሽ ተመለከተኝና፣ ፈገግ ብሎ በእጁ ወደ ውስጥ አሳየኝ። የብዙ ዘመን ልማድ ነውና እጄን አልተቆጣሁትም።

በበሩ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዲያው ለጌጥ የተቀረጸ አይደለም። ጆሹዋ ቤትስ የሚባል፣ በ1788 በማሳቹሴትስ የተወለደ ሰው ነበር። በወጣትነቱ በቦስተን ሲሠራ መጽሐፍ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ ምሽት ምሽት በአንድ መጽሐፍ መሸጫ እየተቀመጠ በባለቤቶቹ ፈቃድ ያነብ ነበር። ኋላ ለንደን ተሻግሮ የታላቅ ባንክ ባለ ድርሻ ለመሆን በቃ። የቦስተን ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ልታቋቁም ማሰቧን በ1852 በተረዳ ጊዜ 50,000 ዶላር ሰጠ። ስጦታው ግን ውል ነበረበት። ሕንፃው ለከተማዋ ጌጥ የሚሆን ይሁን አለ፤ ከ100 እስከ 150 ሰው በጠረጴዛ ተቀምጦ የሚያነብበት አዳራሽ ይኑረው አለ፤ ደግሞም ለሁሉም ፍጹም ነጻ ይሁን፣ መጻሕፍቱን ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው በቀር ሌላ ገደብ አይደረግበት አለ።

ባልደረቦቼ፣ ጌጡና ነጻነቱ በአንድ ውል መግባታቸውን ልብ በሉልኝ። ያ ሰው ድኽነትን በአካል ያውቀው ነበር፤ ሆኖም ለድኻ አንባቢ አራት ግድግዳና አንድ አምፖል ይበቃዋል አላለም።

ቤተ መጻሕፍቱ በ1854 ሥራ የጀመረው በአንድ የትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ በነበሩ ሁለት ክፍሎች ነው። ዛሬ የከተማዋ መታወቂያ የሆነው፣ ቻርልስ ማኪም የነደፈው ሕንፃ የተከፈተው በ1895 ሲሆን፣ ወጪው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። በዘመኑ ይህ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ስለዚህም ሕዝቡ መሥራቱን የሚናገር ጽሑፍ በግንባሩ ላይ መቀረጹ ተገቢ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ በቢጫ እብነ በረድ የተሠራ ደረጃ ይቀበላል፤ በእርስ በርስ ጦርነታቸው የተሰለፉ ሁለት ክፍለ ጦሮች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት አንበሶችም ከግራና ከቀኝ ተጋድመዋል። ከደረጃው በላይ በቤትስ ስም የተሰየመው የንባብ አዳራሽ ይገኛል። ርዝመቱ ወደ 66 ሜትር፣ ከፍታው ወደ 15 ሜትር ነው። ጣራው እንደ ተኛ በርሜል ጎብጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፤ ከሥሩ ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ በየጠረጴዛውም አረንጓዴ ሽፋን ያላቸው መብራቶች ተደርድረዋል። ያን ያህል ሰው ተቀምጦ የሚሰማው የወረቀት ድምፅ ብቻ ነበር።

ጎብኚዎች በር ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ያነሣሉ። እኔም እንደ እነርሱ ጣራውን ካየሁ በኋላ ወደ አንድ ጠረጴዛ ሄጄ ተቀመጥሁ። ከጎኔ አንድ ወጣት ወፍራም የነርስነት መጽሐፍ ዘርግቷል፤ በኅዳጉም ላይ በእርሳስ፣ በፊደላችን፣ የከበዱትን ቃላት ትርጉም እየጻፈ ያልፋል። በዝግታ በአማርኛ ሰላም ስለው ደነገጠ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ አምስት ሆነን ነው የምንኖረው፤ የማጠናው እዚህ ነው» አለኝ። ሌሊት እንደሚሠራ ዐይኑ ይናገር ነበር። ጆሹዋ ቤትስን ያውቀው እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም፤ ጊዜውንም አልወሰድሁበትም።

የሠሪዎቹን ነገር ካነሣሁ አንድ የሚያስቅ ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በሕንፃው ግንባር ላይ የብዙ ሊቃውንትና ጠቢባን ስም ተቀርጿል። በ1892 አንድ ጋዜጣ፣ የአንዳንዶቹ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ወደ ታች ሲነበቡ ማኪም፣ ሚድ እና ዋይት የሚለውን፣ የነዳፊዎቹን ድርጅት ስም እንደሚሰጡ ደረሰበት። ሙሴና ሲሰሮ ሳያውቁት ማስታወቂያ ሆነው ነበር ማለት ነው! ከተማው ተቆጣ፤ ስሞቹም ተፍቀው እንደ ገና ተቀረጹ። የእኛ ቁም ጸሐፊዎች እንኳ ስማቸውን በመጽሐፉ መጨረሻ በጸሎት ልመና ውስጥ ያስገቡት ነበር፤ ያ ይሻላል።

ሁሉ ነገር አምሮለታል ማለቴ ግን አይደለም። የዘመኑ የሙያችን ሰዎች ሕንፃው ቤተ መንግሥት እንጂ የሥራ ቤት አይደለም ብለው ወቅሰውታል። በ1972 ፊሊፕ ጆንሰን የነደፈው ተጨማሪ ክፍል ሲከፈት ደግሞ በመንገዱ በኩል የድንጋይ ጋሻ ተደርድሮበት፣ ከውጭ የሚያልፈው ሰው ውስጡን ሊያይ አልቻለም። ይህ ስሕተት የታረመው በ2016 በተፈጸመው እድሳት ነው፤ ድንጋዩ ተነሥቶ ዛሬ አንባቢውም መንገደኛውም በመስተዋት ይተያያሉ። በ2021 ደግሞ መጽሐፍ አዘግይቶ በሚመልስ ሰው ላይ ይጣል የነበረው የገንዘብ መቀጫ ቀረ። በሩ ላይ የተጻፈው ቃል በሥራ እስኪተረጎም ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ትውልድ ሲያስነብብ ኖሯል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው አብርሆት ደግሞ አዲስ አበባም በቤተ መጻሕፍቷ ልትታይ እንደምትችል አስመስክሯል። የጌጡ ነገር እንግዲህ ተጀምሯል። እኔን የሚያሳስበኝ የውሉ ሁለተኛ ክፍል ነው።

የ17 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በክረምት፣ ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ቤተ መጻሕፍት ለማትሪክ የሚረዳኝ የሒሳብ መጽሐፍ ፍለጋ ሄጄ ነበር። ዘበኛው ከትምህርት ቤቴ የድጋፍ ደብዳቤ እንዳመጣ ነገረኝ። ትምህርት ቤቱ እስከ መስከረም ተዘግቷል። ዝናቡ እስኪያባራ በጣራው ጠርዝ ሥር ቆሜ፣ በመስኮት የሚያነቡትን እያየሁ ቆየሁና ሄድሁ።

ይህ በደል ቢሆን የሚቀለው በደል ነው፤ የተበደልሁት እኔ ነኝና። ከዓመታት በኋላ እኔው ራሴ የአንባቢዎች አገልግሎት ኀላፊ ሆኜ፣ «ያለ ድጋፍ ደብዳቤ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ፈርሜ በር ላይ ለጠፍሁ። አንድ ቀን ጉልት የምትቸረችር እናት ልጇን ይዛ መጣች። «ልጄ ትግባና ታንብብ፤ እኔ እዚሁ ሆኜ እጠብቃታለሁ» አለችኝ። ደብዳቤ ጠየቅኋት። «ለእኔ ማን ደብዳቤ ይጽፍልኛል፣ ጌታዬ?» ብላ የልጇን እጅ ይዛ ተመለሰች። ደንቡን አክብሬ ነበር፤ አለቆቼም አልነቀፉኝም። ልጅቱ ግን ተመልሳ አልመጣችም። ቦስተን ላይ እጄ ኪሴ በገባ ጊዜ ትዝ ያለችኝ እርሷ ናት።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የተገልጋዮች ደንብ ረቂቅ ለውይይት ይቀርብላችኋል። ለመግባት መታወቂያና የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል የሚለው ንኡስ አንቀጽ ከነአካቴው እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀርባለሁ። የቦርሳው ፍተሻ ይቆይ፤ መጽሐፍ ተውሶ ለሚወጣውም ሰው መታወቂያ ይጠየቅ፤ እነዚህ መጻሕፍቱን ለመጠበቅ ያስፈልጋሉ። ለመግባት ግን ማንም ምንም አይጠየቅ። መጻሕፍቱ ይሰረቃሉ፣ ወንበሩም አይበቃም የምትሉኝ እንዳላችሁ ዐውቃለሁ፤ እኔም ለብዙ ዓመት ያልሁት እርሱን ነው። ክርክሩን በስብሰባው ላይ እንገናኝበት።