የውርጭ ወራት ግልገል እንዳይሞት



በመንዝና በአካባቢው ደጋ ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱም ይበርዳል። እስከ ታኅሣሥ የሚዘልቀው ውርጭ የሚመታው ባቄላውን ብቻ አይደለም፤ ገና የተወለደውንም ግልገል ነው። ለደገኛው አርሶ አደር በግ ጥሬ ገንዘቡ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈለው፣ የልጆች ደብተርና ልብስ የሚገዛው በእርሱ ነው። በአንድ ሌሊት ሁለት ግልገል የሞተበት ቤት የሚቀጥለው ዓመት ወጪ ከወዲሁ ጎድሎበታል ማለት ነው።

የመንዝ በግ ብርድ የለመደ ዝርያ ነው፤ ጠጉሩም ባና ይሠራበታል። ግልገሉ ግን ሲወለድ እርጥብ ነው፤ ይዞት የሚወለደው የስብ ስንቅም ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ይበቃዋል። ከበረደው መቆም ያቅተዋል፤ ካልቆመ ጡት አያገኝም፤ ካልጠባ የሚሞቅበት ኃይል አይኖረውም። «ብርድ ገደለው» የሚባለው ግልገል ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ብርድና ረሃብ ተባብረውበት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማድረቅ ነው። እናቱ እንድትልሰው መተው፣ እርሷ ከዘገየች በጭድ ወይም በደረቅ ጨርቅ ማሸት ይገባል። ከእናቱ ማራቅ ግን አይገባም፤ በመላስ ካልለየችው በኋላ ልትገፋው ትችላለች። እትብቱንም አዮዲን መቀባት ከቁስል ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው እንገር ነው። ግልገል በሽታ የመከላከል አቅም የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ ከአንድ ቀን በኋላ ግን አንጀቱ ይህን መቀበል ያቆማል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት እንዲጠባ የጡቱን ጫፍ ጨመቅ አድርጎ መክፈት ያስፈልጋል። መጥባት ላቃተው 2 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል በአንድ ጊዜ 100 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም የአንድ ሻይ ብርጭቆ ግምት፣ ታልቦ በቀን አራት ጊዜ ይሰጠዋል። መንታ ሲሆን በተለይ ትንሹን መከታተል ይገባል።

አንዲት እናት ሌሊት ከወለደች በጓ መንታዎች አንዱን ንጋት ላይ ደርቆ አገኘችው። ሁለተኛው በሕይወት ነበር፤ ራርታ ወተት በአፉ ብታንቆረቁርለት ትን ብሎት ሞተ። ጥፋቱ የርኅራኄ ማነስ አልነበረም፤ የቅደም ተከተል ነው። ጣት በግልገሉ አፍ ሲገባ አፉ ከቀዘቀዘና ጣቱን ካልጠባ ወተት ወደ ሳንባው ይገባል። አስቀድሞ መድረቅ፣ ከዚያም ጭስና ነበልባል በማይደርስበት ርቀት ምድጃ አጠገብ መሞቅ አለበት፤ ራሱን ቀና ሲያደርግና ጣት ሲጠባ እንገሩ ይሰጠዋል። ከተወለደ አምስት ሰዓት አልፎት አንገቱን መያዝ ያቃተው ግልገል ግን ከመሞቁ በፊት የግሉኮስ መርፌ ስለሚያስፈልገው በፍጥነት የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጠራት አለበት።

በረቱ ደረቅ ጭድ የተነጠፈበት፣ በግልገሉ ቁመት ነፋስ የማይገባበት ይሁን። ላዩ ግን አይደፈን፤ የሽንት ሽታ የታፈነበት ቤት ሳንባን ይጎዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አስቀድሞ ማሰብ ነው። በግ የምታረግዘው አምስት ወር ነው። በግንቦትና በሰኔ መጨረሻ የተጠቃች በግ በጥቅምትና በኅዳር መጨረሻ፣ ውርጩ በበረታበት ጊዜ ትወልዳለች። በእነዚያ ሳምንታት አውራውን ለይቶ ማሰር ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ላረገዘችውም በመጨረሻው ወር ተኩል የባቄላ ገለባ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ቢጨመርላት ግልገሏ ይጠነክራል፤ ወተቷም ይበረክታል።

ፋጉሎ ለአንድ አርሶ አደር ሲገዛ ውድ ነው፤ የማጓጓዣው ዋጋም ይከብዳል። ማኅበራት ፍላጎታቸውን ከክረምት በፊት አሰባስበው በዩኒየኑ በኩል በጅምላ ቢገዙ ግን ሸክሙ ይቀላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለእህል ገበያ ብቻ አይደለም፤ ለበረትም ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!