«በቃ!» ሲባል መቆም
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ትናንት አብረን ጣርማ በር ስንወጣ ጉሙን አይታችሁታል። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና እንኳ አይታይም። አንድ የጭነት መኪና ዳር ላይ ሊዞር ሲሞክር ረዳቱ ወርዶ በገደሉ በኩል ቆመ። «ና! ና! ና!» ሲል ቆየና «በቃ!» አለ። ሹፌሩ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ፍሬን ረገጠ።

ታናሽ ወንድሜ ቦሌ፣ አውሮፕላን ማቆሚያው ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የኤርባስ ኤ350 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 65 ሜትር ይጠጋል። ካፒቴኑ ከመቀመጫው ሆኖ ጫፉ ከምን ጋር እንደሚነካካ ማየት ያዳግተዋል፤ መሬት ላይ ያሉት ሰዎች ዓይን ይሆኑታል። ከፊት የቆመው ምልክት ሰጪ ሁለቱን ዱላዎች ከራሱ በላይ ሲያጣምር፣ አውሮፕላኑ ይቆማል። ሲወጣም ትራክተር ነው ወደ ኋላ የሚገፋው። ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ሞተሩ እየሠራ ነው ወይም ሊነሣ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ጎማው ታኮ ሳይደረግለት ዕቃ አውራጅ አይጠጋም። አደጋ ያየ፣ ትንሹም ሠራተኛ ቢሆን፣ «ቁም!» ይላል።

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 ቴኔሪፍ ደሴት ላይ ማቆሚያው በአውሮፕላን ተጨናንቆ ስለነበር፣ ሁለት ጃምቦዎች በጉም ውስጥ በዋናው ማኮብኮቢያ ላይ መሄድ ነበረባቸው። የአንደኛው የበረራ መሐንዲስ መንገዱ ነጻ መሆኑን ተጠራጥሮ ጠየቀ፤ ካፒቴኑ ግን ቀጠለ። 583 ሰው አለቀ።

እኔም አንድ ሌሊት እንደዚያ ካፒቴን ልሆን ነበር። ጀማሪ ሐኪም ነኝ፤ ደክሞኛል፤ ደም ልሰቅል ስል አንዲት ሲስተር «ዶክተር፣ አንዴ ይቆዩ» አለችኝ። ተናደድኩ። «አይቼዋለሁ!» አልኳት። እሷ ግን ከረጢቱን አልለቀቀችም። ስሙን ደግመን ስናነበው ደሙ የጎረቤት አልጋው በሽተኛ ነበር። በማግስቱም አላመሰገንኳትም፤ አፍሬ ነበር።

መምህሮቻችን፣ እኛን ማዘዝ በደንብ አስተምራችሁናል። ከኋላችን ለሚመጡት ደግሞ «በቃ!» ሲባሉ መቆምን አስተምሩልን። ሲስተሯም ተማሪውም ሳይፈሩ ይናገሩ፤ ለምን እንደሆነ ከቆምን በኋላ እንጠይቃለን።