የባትሪው መሞት የመዝገቡ መሞት አይደለም



በአኖም ሆነ በነቀምት ከአንድ መጋዘን የወጣ አሮጌ ኮምፒዩተር በፍሎፒ ዲስክ ሲነሣ ቀኑን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1980፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ቢል፣ ሀርድ ዲስኩንም ማግኘት ቢያቅተው፣ ፈጥነን «መዝገቡ ጠፋ» አንበል።

አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1984 ኤ.ቲ. የተባለውን ኮምፒዩተር ካወጣ ወዲህ፣ በዚያ አምሳል በተሠሩት ሁሉ ኃይል ሲቋረጥ ሰዓቱን የሚያስኬደውና የሀርድ ዲስኩን ዓይነት እንዳይረሳ የሚያደርገው ትንሽ ባትሪ ነው። እርሱ ሲደክም ማሽኑ ዲስኩን ይረሳል እንጂ በዲስኩ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ አይነካም። የዲስኩን ዓይነት እንደገና መሙላት ይበቃል።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የተበየደው ባለ 3.6 ቮልት የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ሲያረጅ ያፈስሳል፤ ፈሳሹም የመዳብ መስመሮችን ይበላል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ጫፎቹ ተመዝግበው፣ ባትሪው ይነሣ። አረንጓዴው ዝገት በጥቂት ኮምጣጤ ይጽዳ፤ በአልኮል ታጥቦ ይድረቅ፤ መስመሮቹም በቴስተር ይፈተሹ። በምትኩ 3 ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋዮች ተከታትለው በሽቦ ይያያዙና ከማዘርቦርዱ ርቀው ይቀመጡ። ማዘርቦርዱ ቻርጅ እንዳያደርጋቸው በመሐል ዳዮድ ይግባ፤ ያለ እርሱ ድንጋዮቹ ሊያፈስሱ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ።

ቀኑ ሳይስተካከል የሚጻፍ ፋይል ሁሉ የ1972 ዓ.ም. ሆኖ ይመዘገባል፤ በውል ወይም በደረሰኝ ላይ ይህ ክርክር ያስነሣል። እንግዲህ፣ የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ኮምፒዩተሩ ከመጣሉ በፊት ባትሪው ይታይ።