ከማህፀን ቀዶ ሕክምና በኋላ ቶሎ ማገገም

እሷ፦ የማህፀን እጢ በሆድ በኩል ሊወጣላት የተቀጠረች ሴት፣ ከማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ አትቅመሺ ትባላለች። ጉሮሮዋ ደርቆ ነው የምትገባው። ያሳዝነኛል።

እሱ፦ ዴንማርካዊው ሐኪም ሄንሪክ ኬህሌት እንዲህ ያሉ ልማዶች እንዲፈተሹ የወተወቱት በአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ ነው። ዛሬ የቀዶ ሕክምና መመሪያው፣ የተለየ ችግር ከሌለባት፣ ማደንዘዣው 2 ሰዓት እስኪቀረው ውኃ ይፈቅዳል።

እሷ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላስ? እናቶቻችን "ተኚ፣ እንዳትነሺ" ይላሉ።

እሱ፦ ከፍቅር ነው፤ ግን ብዙ መተኛት ለደም መርጋት ያጋልጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ምግብ ትጀምራለች፣ የሽንት ቱቦው ይወጣል፣ ሰው ደግፏት ትራመዳለች። ማስቲካ ማኘክ እንኳ አንጀቷን ያነቃቃል።

እሷ፦ ቁስሉ እያመማት?

እሱ፦ ፓራሲታሞልን የመሰሉ ማስታገሻዎች ሕመሙ ሳይብስ በሰዓታቸው ይሰጣሉ፤ ሞርፊን ግን ሲያስፈልግ ብቻ።

እሷ፦ እህቶቼ፣ ቀጠሮ ካላችሁ "እስከ ስንት ሰዓት ልጠጣ? መቼ ልነሣ?" ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።