ተሸንፈን የተረፈን ነገር
(በሠፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ከኮሚቴ ምርጫው በፊት የተሰጠ ንግግር)

የቤተ ልሔምና የአካባቢዋ ነዋሪዎች!

እንደሚታወቀው የማኅበራችን ኮሚቴ የሥራ ዘመኑን ጨርሷል። ጸሐፊያችን «ዕጩ መሆን የሚፈልግ ይመዝገብ» የሚል ማስታወቂያ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ከለጠፈ ሦስት ሳምንት አለፈው። የተመዘገበ ግን አንድ ሰው የለም። የቦኖው ገንዘብ የሚቆጣጠረው አጥቷል፤ የለቅሶው ድንኳንም ከተቀደደ ሰንብቷል። አንዱን ወጣት ለምን አትመዘገብም ብለው፣ «ጋሼ፣ ተወዳድሬ ብወድቅ በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?» አለኝ። ሌላው ደግሞ ያችን የለመድናትን አባባል አመጣና «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» አለኝ። የሠፈር ኮሚቴ ከመቼ ወዲህ ነው ፖለቲካ የሆነው ብዬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ለምን ቢሉ፣ ይህችን አባባል ለገዛ ልጄ እየደጋገምሁ ያሳደግኋት እኔው ራሴ ነኝና።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ማሸነፍ አልናገርም። የምናገረው ስለ ተሸነፍሁበት ዘመቻ ነው።

ጊዜው 1997 ዓ.ም. ነው። ምርጫው ለግንቦት 7 ቀን ተቀጥሯል። ገዥው ኢሕአዴግ በአንድ ወገን፣ ቅንጅትና ኅብረት በሌላ ወገን ሆነው ይፎካከራሉ። ቅንጅት የሚባለው መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና ኢዴሊ የሚባሉ አራት ድርጅቶች አንድ ላይ የቆሙበት ነበር። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ፣ የቅንጅት ደግሞ ሁለት ጣት ነው። እኔ የጣት ሰው ነበርሁ።

ዘመቻው ዐቢይ ጾም ላይ ዋለ። የዚያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 23 ቀን ነበረ፤ ከፋሲካ በኋላ የቀረን ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። መኪና የለን፣ ገንዘብ የለን፤ የገብስ ቆሎ በኪሳችን ይዘን በእግራችን ነው የዞርነው። የጋይንትን ቁልቁለትና አቀበት የሚያውቅ ያውቀዋል! ዓርብ ገበያ ለመድረስ በሌሊት እንነሣለን። በራሪ ወረቀቱ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ያነበበ ሰው አጣጥፎ እንዲመልስልን እንለምን ነበር። ድምፅ ማጉያ ስላልነበረን ጉሮሮአችን እስኪዘጋ ጮኽን። አንድ አባት ሲያዩን «የቆሎ ተማሪ መስላችሁኝ ነበር፤ ቁራሽ ላወጣ ስል ፖለቲከኞች ሆናችሁ» ብለው አሳቁን። ቁራሹን ግን አልከለከሉንም።

ማታ ማታ ሬድዮ ያለው ሰው ቤት እንሰበሰባለን። በዚያ ዓመት ፓርቲዎቹ በሬድዮና በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ይከራከሩ ነበር። ሚኒስትር የሆነ ሰው ሲጠየቅና መልስ ሲፈልግ መስማት ለእኛ አዲስ ነገር ነበር። በክልላችን በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ድልድል ወዲህ ገበሬው ስለ መሬቱ ጮክ ብሎ መናገር ይፈራል። ያኔ ግን ስለ መሬትም፣ ስለ ማዳበሪያ ዕዳም እዚያው እሳት ዳር ተናገረ። «እናንተን ብንመርጥ መሬታችን ይነካብን ይሆን?» ብለው የጠየቁንም ብዙ ናቸው። አይነካም ብለን ማልን። አሁን ሳስበው፣ ያ መሐላ ከዐቅማችን በላይ ነበር።

ጎረቤቴ የንብ ሰው ነበር፤ በጓሮውም ቀፎ አለው። አንድ ቀን በአጥር ላይ ጠራኝና «አንተ የጣት ሰው! ጣት ማር ይሠራል እንዴ?» አለኝ። እኔም «ጣት ባይኖር ማርህን በምን ትልሰዋለህ?» አልሁት። ሠፈሩ በሙሉ ሳቀ። ይህን ጨዋታ እስከ ዛሬ የሚያስታውሱ እዚህ ተቀምጠዋል።

የምርጫው ዕለት እሑድ ነው። ሰልፉ ጎሕ ሳይቀድ ተጀመረ። ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ፀሐዩን ችለው ቆሙ። እኔ የቅንጅት ወኪል፣ ያ ጎረቤቴ ደግሞ የኢሕአዴግ ወኪል ሆነን በአንድ ጣቢያ ተቀመጥን። ማታ ኮሮጆው ተከፈተ። በአንድ ፋኖስ ዙሪያ ሆነን ወረቀቱን አንድ በአንድ «ንብ፣ ንብ፣ ጣት፣ ንብ» እያልን ቆጠርን። በእኛ ጣቢያ ንብ በለጠን። እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈረምሁ፤ እሱም ፈረመ። ውጤቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። ማንበብ የሚችል አነበበው፤ ለማይችለው ተነበበለት። በዕድሜዬ እንደዚያች ወረቀት ያከበርሁት ወረቀት የለም፤ ሽንፈቴ የተጻፈባት ብትሆንም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ወሰደ። በአገር አቀፍ ደረጃ የታወጀው ውጤት ግን ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 የሚል ሆነ። ውጤቱ አከራከረ፤ ክርክሩም ወደ ደም ተለወጠ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ሰው አለቀ። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ቆጥሯል። መሪዎቹ ታስረው በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ፤ ቅንጅትም ተሰነጣጥቆ ስሙ ብቻ ቀረ። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ከ547 ወንበር 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። እኔ ያን ዘመን በፍቅር ሳነሣ እነዚያን ሙታን ረስቼ እንዳይመስላችሁ። የእነሱ እናቶች ይህን ንግግር ቢሰሙ ምን ይላሉ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

የራሳችንንም ጥፋት ልናገር። ንብን የመረጡትን «ሆዳም» ብለን ሰድበናል። አብሮኝ የፈረመውን ጎረቤቴን እኔ ራሴ ለወራት እግዚአብሔር ይመስገን ሳልለው አልፌአለሁ። ልጁ ክርስትና ስትነሣ ጠርቶኝ ቀርቻለሁ። መሸነፍን አላወቅንበትም ነበር፤ ያሸነፈውም ማሸነፍን አላወቀበትም።

በዚያው ወራት እኔም ለጥቂት ቀናት ታስሬ ነበር። የት እንደ ሆነ ማንሣት አያስፈልግም። ዋስ ጥራ ስባል ዘመዶቼ ፈሩ፤ አልፈርድባቸውም። በሦስተኛው ቀን በሩ ተከፈተና ያ የንብ ወኪል ገባ። አገልግል ይዟል። «ዋሱ እኔ ነኝ» ብሎ ፈረመ። ወጥተን መንገድ ላይ አላለቀስሁ ብላችሁ ውሸት ነው። እሱ ግን «ና፣ ዝም ብለህ ብላ። በዚያች ሌሊት ሳታጭበረብር ቆጥረሃል፤ እኔም አይቻለሁ» አለኝ።

እንግዲህ ከዘመቻው የተረፈኝ ይህ ነው። ወንበር አላገኘሁም፣ ሹመት አላገኘሁም። ከእኔ ጋር የማይስማማ፣ ቢሆንም ቃሌን የሚያምን አንድ ሰው አገኘሁ። ሃያ ዓመት አልፎ ዛሬም ቡና የምንጠራራው በዚህ ነው።

ልጆቼ! እኛ ያለንበት አገር የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ ዜማው የጠፋበት ተማሪ ተመልሶ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል እንጂ አፍሮ ድጓውን አይጥልም። ለመመረጥ ቆሞ የተሸነፈም እንዲሁ ነው። የሚያሳፍረው መውደቁ ሳይሆን፣ ያሸነፈውን ሰላም አለማለቱ ነው። ኮረንቲን ቢሆን የሚፈራው የማያውቀው ነው፤ የሚያውቀውማ መብራት ያስገባበታል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላሳውቃችሁ። ዛሬ ጠዋት ስሜን በዕጩነት አስመዝግቤአለሁ። ብቻዬን ብቀር ግን ምርጫ አይባልም፤ እባካችሁ የሚያሸንፈኝ ወጣት ይምጣ። ለልጄም ያን አባባል እንድትተወው፣ ከፈለገችም ከእኔው ጋር እንድትወዳደር ነግሬአታለሁ። ቆጣሪ እንዲሆን ማንን እንደ ጠየቅሁ ታውቃላችሁ፤ የቀፎውን ጌታ ነው። ውጤቱም በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።